«ዛው»ን በአማርኛ ምን እንበላት? አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ

የድሮ እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው «ዛው» (thou) ከምትባለው ቃል ማምለጥ አይችልም። ሼክስፒር ላይ አለች። በ1611 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው) በታተመው የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ በየመስመሩ አለች። በውጭ አገር ባሉ ቤተ ክርስቲያኖቻችን የሚነበበው የእንግሊዝኛ ቅዳሴ ላይም አለች። ቤተሰቧም አብሯት ይመጣል፦ ተሳቢ ስትሆን «ዚ»፣ ባለንብረት ስትሆን «ዛይ»፣ ቀጥሎ አናባቢ ሲመጣ ደግሞ «ዛይን»። (ምላስን በጥርስ መሃል አድርገው የሚያወጡት ድምፅ ፊደላችን ውስጥ ስለሌለ በ«ዘ» ጽፌዋለሁ። ጆሮው ያላመነ በ«ደ» ያንብበው።)

ብዙ ሰው ቃሏን ሲያይ ወዲያው የሚመጣለት «እርስዎ» ነው። አይፈረድበትም። የሚሰማት ጸሎት ላይ ነው፣ የሚያያት አሮጌ መጽሐፍ ላይ ነው፤ የከበረች ትመስላለች። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። «ዛው» ማለት አንተ ነው፣ ወይም አንቺ። የአክብሮቷ ቃል «ዩ» ነበረች። አዎ፣ ዛሬ ለውሻም ለፕሬዝዳንትም የምትባለዋ «ዩ»።

እንዴት እንዲህ ሆነ? በጥንቱ እንግሊዝኛ «ዛው» ለአንድ ሰው፣ «ዪ» ለብዙ ሰው ነበሩ፤ «ዩ» ደግሞ የ«ዪ» ተሳቢ ነበረች። ክብርና ንቀት የሚባል ነገር አልነበረበትም፣ ቁጥር ብቻ ነበር። በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ያዙና ቤተ መንግሥቱ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሆነ። ፈረንሳዮች ትልቅን ሰው በብዙ ቁጥር ነው የሚያናግሩት። ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እንግሊዞችም ለአንድ ጌታ የብዙውን ቃል ማለት ያዙ። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። «ልጆቹ መጡ» እንላለን፣ «አባባ መጡ»ም እንላለን፤ ግሡ ያው አንድ ነው።

እንግሊዞች ግን እዚያ ላይ አላቆሙም። አክብሮቱን ለጌታ፣ ከዚያ ለነጋዴ፣ ከዚያ ለማያውቁት ሰው ሁሉ እያደሉ ሄዱና በመጨረሻ «አንተ» የሚባል ሰው ጠፋ። 1600 አካባቢ «ዩ» ተራ ቃል ሆና ነበር። «ዛው» ከአፍ ስትወጣ ግን ሰው ጆሮውን ይቀስር ነበር፤ ወይ ፍቅር አለ፣ ወይ ቁጣ፣ ወይ ንቀት፣ ወይ ጸሎት።

በ1603 ሰር ዋልተር ራሌይ በክህደት ተከሶ ዊንቸስተር ላይ ሲቆም፣ ዐቃቤ ሕጉ ኤድዋርድ ኩክ «ዛው» የምትለዋን ቃል ግሥ አድርጎ ወረወረበት። ወደ አማርኛ ስትመጣ ምንም አትጎድልም፦ «አንተ ነው የምልህ፣ አንተ ከሃዲ!» ሰውየው የንግሥት ኤልሳቤጥ ባለሟል የነበረ ሹም ነው። አንተ መባሉ ራሱ ቅጣት ነበር።

ስለዚህ ለ«ዛው» ከአንተና ከአንቺ ውጭ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው ባይ ነኝ። ጭንቅላት የሚያዞረው አጠገቧ ያለችው «ዩ» ናት። እርስዎ ልትሆን ትችላለች፣ እናንተ ልትሆን ትችላለች፣ ተራ አንተም ልትሆን ትችላለች። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው በእጃችሁ ያለው ጽሑፍ ዓይነት ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ከሆነ

እዚህ ሥራው ቀላል ነው። ዊልያም ቲንዴል በ1526 አዲስ ኪዳንን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ ሲያሳትም የግሪኩን መንገድ ተከተለ፦ ለአንድ «ዛው»፣ ለብዙ «ዪ»። ማዕርግ አይጠየቅም። የንጉሥ ጄምሱም ትርጉም በዚሁ ቀጠለ። እግዚአብሔር «ዛው» ይባላል፣ ፈርዖን «ዛው» ይባላል፣ ሰይጣንም «ዛው» ይባላል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም እንዲሁ ነው፤ ናቡከደነፆርን «አንተ ንጉሥ ሆይ» ነው የሚለው። በእኛ ጸሎት ቄሱን እርስዎ ብለን ፈጣሪን አንተ እንደምንለው ማለት ነው።

እንግዲህ ምርጫው በእትሞች መካከል ነው። በ1952 የወጣው የተሻሻለው መደበኛ ትርጉም ሰውን ሁሉ «ዩ» አለና «ዛው»ን ለእግዚአብሔር ብቻ አስቀራት። ብልህ መፍትሔ ይመስላል፣ ግን ጣጣ አመጣ። ጴጥሮስ ኢየሱስን «አንተ ክርስቶስ ነህ» ሲለው የትኛዋ ትሁን? ተርጓሚዎቹ «ዩ» አሉ። ወግ አጥባቂዎቹ «አምላክነቱን ካዳችሁ!» ብለው ተነሡባቸው። «ዛው» በዚያን ጊዜ ከአንተነት ወጥታ የአምልኮ ልብስ ለብሳ ነበርና። በ1989 የወጣው አዲሱ እትም ቃሏን ጨርሶ አስወጣት። በ1982 የታደሰው የንጉሥ ጄምስ ትርጉምም ከዚያ በፊት እንዲሁ አድርጎ ነበር።

ለንባብ ከሆነ ዘመናዊውን ውሰዱ። ለጥናትና ለትርጉም ከሆነ ግን አሮጌውን አትጣሉት፤ ዘመናዊው የሚደብቀውን ያሳያልና። ሉቃስ 22 ላይ ኢየሱስ ለጴጥሮስ የሚናገረውን ተመልከቱ። ሰይጣን «ሊያበጥራችሁ» ለመነ ይላል፣ ቀጥሎ ደግሞ «ስለ አንተ» ይላል። መጀመሪያ ሁሉንም ደቀ መዛሙርት፣ ቀጥሎ ጴጥሮስን ብቻ። አሮጌው እንግሊዝኛ «ዩ» ብሎ ከዚያ «ዚ» ስለሚል ልዩነቱ ፍንትው ብሎ ይታያል። አዲሱ ሁለቱንም «ዩ» ይላቸዋል፤ ግርጌ ላይ «ይህኛው ብዙ ነው» የሚል ማስታወሻ ካላስቀመጠ አንባቢው አያውቅም። ዮሐንስ 3 ላይም ጌታ ኒቆዲሞስን ለብቻው እያናገረ «ልትወለዱ ያስፈልጋችኋል» ይለዋል። አማርኛ አንባቢ ይህን ከልጅነቱ ያውቀዋል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ ሰባኪ ግን ነጥቡን ሲስት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

ቴአትር ከሆነ

እዚህ ነው ጉዱ። ሼክስፒር «ዛው»ንና «ዩ»ን እንደ መብራት ማብሪያ ማጥፊያ ይጠቀምባቸዋል። በአንድ ንግግር ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል፣ መሻገሩ ራሱ ወሬ ነው። የእንግሊዝ ተመልካች ዛሬ ይህን አይሰማም። እኛ እንሰማለን፤ አንቱታን በየቀኑ የምንጠቀም ሰዎች ነንና። ሼክስፒር ለአማርኛ መድረክ እንግዳ አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎን፣ ሐምሌትንና ማክቤዝን መልሷል፤ ከበደ ሚካኤልም ሮሜዎና ዡልዬትን። መጻሕፍቱ ያላችሁ ሰዎች የሚከተሉትን ቦታዎች አውጥታችሁ ብታስተያዩ ጥሩ ትምህርት ነው።

ሐምሌት እናቱ ክፍል ገብቷል። እናትየው ትጀምራለች፤ «ዛው» ብላ፦ «ሐምሌት፣ አባትህን ክፉኛ አስቀይመሃል።» አባትህ የምትለው አዲሱን ባሏን ነው። ልጁ «ዩ» ብሎ ይመልሳል፦ «እናቴ፣ እርስዎ አባቴን ክፉኛ አስቀይመዋል።» እሱ አባቴ የሚለው ሟቹን ነው። በአማርኛ ይህ ቦታ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ያምራል። በብዙ ቤት አባት እርስዎ ቢባልም እናት አንቺ ናት። ልጅ ድንገት እናቱን እርስዎ ካላት ነገር አለ፣ ቤቱ ቀዝቅዟል ማለት ነው። እዚህ ጋ «አንቺ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ግማሹን ትዕይንት ይጥለዋል።

ቀጥሎ ግን ችግር ይመጣል። እናትየውም ተቆጥታ ወደ «ዩ» ትሻገራለች። በአማርኛ እናት ልጇን በምር እርስዎ አትለውም፤ ካለችው ሽሙጥ ነው። እኔ ብሆን ተውላጠ ስሙን አልነካም። «ሐምሌት» ብላ በስም ስትጠራው የነበረውን አስቀርቼ በደረቁ «ተው፣ የማይረባ መልስ አትመልስልኝ» አስብላት ነበር።

ንጉሥ ሌር ላይ ያው ችግር ይብሳል። ንጉሡ ሦስተኛ ልጁን ኮርዴሊያን መጀመሪያ የሚያናግራት «ዩ» እያለ ነው፣ በአደባባይ፣ በወግ። «ምንም የምለው የለኝም» ስትለው «ዛይ» ይገባል፤ እውነትሽ ጥሎሽሽ ይሁን ብሎ ባዶ እጇን ይሰዳታል። አባት ልጁን እርስዎ ብሎ ወደ አንቺ ይውረድ? አያስኬድም። የእኛ ንጉሥም ቢሆን ልጁን አንቺ ነው የሚል። ማዕርጉን ከሌላ ቦታ መውሰድ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ላይ «ልጄ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»፣ ሲቆጣ «ልጄ»ን ነጥቆ ባዶ «አንቺ»ን መተው ይበቃል። አማርኛ ቁጣን በቁልምጫ መቅረት ማሳየት ይችልበታል።

እዚያው ትዕይንት ላይ መኰንኑ ኬንት ንጉሡን ለማስቆም ጣልቃ ይገባል። «ዛው» ይለዋል። ንጉሥን! «ምን ልታደርግ ነው፣ አንተ ሽማግሌ?» ይህንን አለሳልሶ «ግርማዊ ሆይ ምን ሊያደርጉ ነው» ማለት ወንጀል ነው። ኬንት ለዚህ ንግግሩ ከአገር ይባረራል፤ አነጋገሩ ጨዋ ከሆነ ተመልካቹ ለምን እንደተባረረ አይገባውም።

ወደ ፍቅሩ እንምጣ። በአንዱ የሼክስፒር አስቂኝ ቴአትር ውስጥ ያሉት ቤንዲክና ቢያትሪስ ገና ከመጀመሪያው በነገር የሚጠዛጠዙ ናቸው፣ ብዙውን ጊዜ በ«ዩ»። ልቡ ሲሸነፍ ቤንዲክ «በሰይፌ እምላለሁ፣ ትወጂኛለሽ» ይላታል፤ «ዛው» ገባች። ሁለት አማራጭ አለ። ከመጀመሪያው አንተና አንቺ ማድረግ ለተዋንያኑ ይቀላል፣ የፍቅሩ መሻገሪያ ግን ይጠፋል። በእርስዎ መጀመር ደግሞ ትንሽ ይከብዳል፤ ግን እርስዎ ለሽሙጥ እንደሚመች ሁላችንም እናውቃለን። «እርስዎ ደግሞ ማን ጠራዎት?» ስትለው ተመልካቹ ይስቃል። በኋላ አንተና አንቺ ሲባባሉ ምንም ማብራሪያ አያስፈልግም። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ። «ዩ» ሁልጊዜ እርስዎ አይደለችም። የባላባቱ ወገን ባልና ሚስትም ወንድማማችም በተራ ወሬ «ዩ» ይባባሉ ነበር። ሁሉንም እርስዎ ካደረጋችሁት ድራማው የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይሆናል። ቃሉ ሲለወጥ ብቻ ቁሙና «ምን ተፈጠረ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳይለወጥ የሚሄደውን በአማርኛው ወግ መሠረት ተርጉሙት።

እርስዎ ወይስ አንቱ ለሚለውም አቋም አለኝ። ለቤተ መንግሥትና ለከተማ ሰው እርስዎ፤ ለገጠር ሽማግሌ፣ ለመነኩሴ፣ ለእረኛ አዛውንት አንቱ። አንቱ የዱሮ ጠረን አላት፣ አፍ ላይም ታጥራለች፣ ለመድረክ ትመቻለች። ዞሮ ዞሮ ግን ሁለቱም የ«ዩ» ድርሻ ናቸው። «ዛው» አሮጌ ስለሆነች ብቻ አሮጌ በምትመስለው አንቱ መተርጎም የማየው የተለመደ ስሕተት ነው። አንቱ የተባለ ሰው የተከበረ ሰው ነው፤ «ዛው» የተባለ ሰው ወይ የተወደደ ነው ወይ የተናቀ።

ግጥም ከሆነ

ግጥም ላይ ክብርና ንቀት ይተውና ሌላ ፈተና ይመጣል። «ዛው» ፆታ የላትም። አማርኛ ደግሞ ያለ ፆታ አንድ ስንኝ አይራመድም።

በ1609 ከታተሙት 154 የሼክስፒር ሶኔቶች (አጫጭር ግጥሞች ናቸው) 18ኛውን አስቡ። የተወደደውን ሰው ከበጋ ቀን ጋር ያወዳድራል። ግጥሙ ውስጥ ወንድ ይሁን ሴት የሚጠቁም ቃል የለም። ብዙ ሰው ለሴት የተጻፈ ይመስለውና «አንቺ» ይላል፤ የሠርግ ካርድ ላይም እንዲሁ ይገባል። ምሁራኑ ግን እስከ 126ኛው ያሉትን በጥቅሉ ለአንድ ወጣት ወንድ፣ ከ127ኛው በኋላ ያሉትን ለአንዲት ጠይም ሴት የተጻፉ አድርገው ነው የሚያነቧቸው። እንግዲህ ምረጡ። ሶኔቱን ለብቻው የምትተረጉሙ ከሆነ አንቺ ብትሉ ግጥሙ አይከሳችሁም። ሙሉውን መጽሐፍ ከያዛችሁ ግን አንተ ማለት ግድ ነው፤ አለዚያ 17ኛው ላይ ወንድ የነበረው ሰው 18ኛው ላይ ሴት ይሆናል። ከሶኔቶቹ አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ 104ኛው፣ ያንኑ ወዳጅ «ዩ» ይሉታል። ያንን እርስዎ አታድርጉት። በእንግሊዝኛው ሽግግሩ ለስላሳ ነው፣ በአማርኛ ይጮኻል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ገጣሚዎች ብዙ ጊዜ «ዛው» የሚሉት ሰው ያልሆነን ነገር ነው። ኪትስ በ1819 ሌሊት የምትዘምር ወፍን ያናግራል፣ አንድ የግሪክ ማሰሮንም። ሼሊ የምዕራብ ነፋስን። ከእነሱ ቀድሞ ጆን ደን ሞትን አንተ ብሎ ገሥጾታል። ፆታውን ከግጥሙ ቅኔ መልቀም ነው። ኪትስ ማሰሮውን ሙሽራ ይለዋል፤ ስለዚህ አንቺ። ወፏንም የዛፍ አማልክት ከሆነችው ልጃገረድ ጋር ያመሳስላታል፤ አሁንም አንቺ። ነፋስ በአማርኛ አንተ ነው፣ ሞትም አንተ ነው፤ አትጨነቁ።

ስድ ንባብ ላይ ነገሩ ቶሎ ያልቃል። ሄሚንግዌይ በ1940 ባሳተመው የስፔን ጦርነት ልብ ወለዱ ገጸ ባሕርያቱን «ዛው» እያስባለ ያናግራቸዋል። ብዙ አንባቢ መጽሐፍ ቅዱስ መሰለው። እሱ ግን የስፔንኛውን አንተ መገልበጡ ነበር፤ አንተና አንቺ በሉና ቀጥሉ። ማርቲን ቡበር በ1923 በጀርመንኛ የጻፈው የፍልስፍና መጽሐፍም እንዲሁ ነው። በ1937 በወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉም «እኔ እና ዛው» ተባለና የቤተ ክርስቲያን ሽታ ያዘ፤ በ1970 ሌላው ተርጓሚ ዋልተር ካውፍማን መጽሐፉ ውስጥ «ዩ» አደረጋት። ጀርመንኛው ቃል ለልጅም ለሚስትም ለፈጣሪም የሚባል አንተ ነው። አማርኛ ከሁለቱም እንግሊዝኛዎች ይልቅ ይቀርበዋል።

የዮርክሻየር ገበሬ በልብ ወለድ ውስጥ «ዛ» ሲል ካያችሁ ያችው ቃል ናት፣ በገጠሩ አነጋገር እስካለንበት ዘመን የደረሰች። አንተ ማለት ይበቃል። የጎጃምን ወይም የወሎን ዘዬ አውጥቶ ለእንግሊዝ ገበሬ ማልበሱን ግን አልወደውም።

ኩዌከሮች የሚባሉት ክርስቲያኖች ደግሞ ለብቻቸው ናቸው። ከ1650ዎቹ ጀምሮ ሰው ሁሉ እኩል ነው ብለው ዳኛውንም ጌታውንም አንተ አሉ። ቶማስ ኤልዉድ የሚባለው ወጣት አባቱን አንተ ብሎ ዱላ ቀምሷል። እነሱ የሚናገሩበት ታሪክ ከገጠማችሁ፣ ጆሮን ቢጎረብጥም፣ ለዳኛው አንተ አስብሏቸው። መጎርበጡ ነው የታሰበው።

ራሳችሁ በእንግሊዝኛ መጻፍ ከፈለጋችሁ

ባጭሩ፦ ተዉት። ለቀልድ ወይም ለቴአትር ካልሆነ በቀር «ዛው» ዛሬ ደብዳቤ ላይ አስመሳይ ታደርጋለች። የግድ ከሆነ ግሡን ጠብቁ። ከ«ዛው» ጋር የሚሄደው ግሥ መጨረሻው ብዙውን ጊዜ «ስት» ነው፣ ማለት «ሴየስት» እንደሚሆነው፤ መሆን ግን «አርት» ይሆናል። «ኤዝ» የሚለው አሮጌ መድረሻ የእሱና የእሷ ነው፣ የአንተ አይደለም። ሰው ሁለቱን ሲያደባልቅ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሁሉ ይስቃል።

ውጭ አገር ልጅ ለሚያሳድጉ ደግሞ ምርጫው የጸሎት ነው። ልጁ የሚያነበው መጽሐፍ ቅዱስ በ«ዩ» የተጻፈው ይሁን፤ ቋንቋው ከእምነቱ እንዳያርቀው። «አባታችን ሆይ»ን ግን በአሮጌው እንግሊዝኛ አስተምሩት፤ በየቀብሩና በየሠርጉ የሚሰማው ያንን ነው። «ዛይ» ምንድን ናት ብሎ ከጠየቃችሁ «ስምህ ይቀደስ» በሉለትና «ህ»ዋን አሳዩት።